ጨጓራ አይደለም

ኮምቦልቻ እህቴ ቤት የከረምኩት ጨጓራዬን አሞኝ ነው ተብሎ ነበር። ወሬውን ያወጣችው እናቴ ናት። ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ እሰፋ ነበርና ደንበኞቼ ሱቁ ተዘግቶ ሲያገኙት፣ ጨጓራዋ ተነስቶባት እህቷ ጋ ወርዳለች ትላቸዋለች። የታመምኩት ግን በአረቄ ነው። በውሃ ኮዳ አድርጌ ከስፌት መኪናው ሥር አስቀምጥና ስጎነጭ እውላለሁ። በኋላ እጄ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ እህቴ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ።

ጠዋት ጠዋት እሷ ወደ ሥራ ስትሄድ እኔ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እሄዳለሁ፤ ከቅጥሩ ግን አላልፍም። ቅዳሴውን አጥር ተደግፌ እሰማለሁ። የአረቄው ጠረን ከላዬ የለቀቀ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን የእህቴ ንስሐ አባት ሲወጡ አዩኝና ለምን እንደማልገባ ጠየቁኝ። መጀመሪያ ትንሽ ልንጻ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ብቻሽን መቼ ትነጺያለሽ?» አሉኝ። «እንደታመምሽ ግቢ እንጂ።»

መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ያን ቀንም ሳልገባ ተመለስኩ።

ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሆነና ከእህቴ ጋር ደሴ ወጣን። ዳሱ ውስጥ እናቴ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። አረቄ የምታድለው ልጅ እኛ ጋ ስትደርስ እናቴ ቀድማ፣ ለሷ አትቅጂ፣ ጨጓራዋን ያማታል አለቻት። የተቀመጠው ዘመድ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ ሁሉም ሳህኑን ያያል። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ጨጓራ አይደለም፤ ያመመኝ መጠጥ ነው። ትቼዋለሁ፣ ውሃ ስጪኝ።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከወዲያ በኩል፣ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ከተሰናዳው ቦታ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ አሮጊት ጎረቤታችን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ወደኛ። እዚህ እንደሆነ ማንም አይጠጣም።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ተነስቼ ሄድኩና ጠጋ ብለው በለቀቁልኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ከለስላሳቸው ቀዱልኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ጠየቁኝ። ትከሻዬ ላይ የነበረው ጭነት የወረደልኝ ያኔ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ፣ «አሁን ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ።

«ብሎ ጨርሷል እኮ፣ እማዬ።»

ቆም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችና መንገዳችንን ቀጠልን።

በሳምንቱ እሑድ ኮምቦልቻ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ብዙ ልለምን አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ጌታዬ፣ ይችው ነኝ» የሚል ብቻ ነው። መጠጡ አሁንም አንዳንዴ ውል ይለኛል። ሲመጣብኝ ያችኑ ቃል እላለሁ፤ እንደ ድሮው አልደበቅም። ያን እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ክፉኛ ርቦኝ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግቤ በላሁ።