ጥምጣሙ የተፈታ ዕለት

ባለፈው ክረምት አምቦ ውስጥ አንድ የለቅሶ ድንኳን ተቀምጬ፣ የቀድሞው የኪነት ቡድናችን ኃላፊ ስለ ወንጪ ሐይቅ ሲያወራ ሰማሁት። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ዛሬም ሜጋፎን የያዘ ይመስላል።

"ያንን ትርዒት ያቀናበርኩት እኔ ነኝ" ይላል። "ታንኳው በሉት፣ ነፋሱ በሉት፣ ቄሶቹ በሉት፣ ሁሉም በዕቅድ ነበር።"

"ነፋሱም?" አልኩት ከሴቶቹ በኩል ሆኜ።

ሰምቶኛል። ግን ፊቱን አዞረና ውሃ አምጡልኝ አለ። እንግዲህ እሱ በየድንኳኑ ካወራው፣ እኔ ብጽፈው ማን ይከለክለኛል?

ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ኪነት ውስጥ እንድሠራ ተመድቤ ነበር። ተመደብኩ ነው የምለው፤ ማንም ፍላጎቴን አልጠየቀኝም። መጻፉን ግን ወደድኩት። በአንዲት ደሴት ላይ ስለሚኖሩ ሦስት ቄሶች ነው። አንዱ በቆመበት ያንቀላፋል፣ አንዱ የሚበላ ነገር ካላየ አይነሳም፣ ሦስተኛው ደሴት ላይ እየኖረ ውሃ ይፈራል። ጳጳሱ ሊጎበኛቸው ሲመጣ ቤቱን ይጠርጋሉ፣ ዶሮ ያርዳሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፤ ታንኳቸውን ማሰር ግን ይረሳሉ። ጳጳሱ ማዶ ቆሞ ይቀራል። እኔ የቤት ሠራተኛቸው ሆኜ እጫወት ነበር፤ ሥራዬ እነሱ ላይ መጮህ ነው።

ኃላፊው አነበበውና ወደደው። ከሥሩ የራሱን ስም ጻፈበት። ከዚያ አንድ ነገር አሰጋው።

"የየትኛው ሃይማኖት ቄሶች ናቸው?" አለኝ።

"አልጻፍኩም፤ የደሴት ቄሶች ናቸው።"

"ኦርቶዶክስ ካልናቸው ገበሬው ያኮርፋል። ፕሮቴስታንት ካልናቸው ግማሹ የቡድናችን ቤተሰብ ያኮርፋል።" ትንሽ አሰበ። "ካቶሊክ ይሁኑ። የምናሳየው ወንጪ ነው፤ እዚያ ካቶሊክ የሚባል የለም፤ ማን ይቀየማል?"

እናም ካቶሊክ ሆኑ። ከጤና ጣቢያ በተዋስነው አንሶላ ረጃጅም ቀሚስ ሰፋሁላቸው፤ የአንገታቸውን ነጭ ቀለበት ከካርቶን ቆረጥኩ። ውሃ የሚፈራውን ቄስ የሚጫወተው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እሱ መተወን አያስፈልገውም ነበር፤ የእውነቱን ዋና አይችልም፤ ውሃም ይፈራል።

ታላቅ ወንድማችን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ስለ እሱ እዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወደ ወንጪ ስንሄድ ግን እናቴ መኪናው ድረስ ሸኝታን የእኔን እጅ ይዛ፣ "ይህን ይዘሽልኝ ተመለሺ" አለችኝ። "ይህን" ያለችው ወንድሜን ነው፤ አጠገባችን ቆሞ በሃፍረት ይስቃል። እኔን ተመለሺ አላለችኝም። ለእኔ መመለስ የሠጋ አልነበረም።

መኪናው ያደረሰን እስከ ተራራው አፍ ድረስ ነው። ከዚያ ከበሮውንና አኮርዲዮኑን በፈረስ ጭነን በእግር ቁልቁል ወረድን። ወንጪን ከላይ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከእሱ ብዙ ሳልርቅ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ወስዶ ያሳየኝ የለም። መሬቱ ድንገት ያልቅና ከሥር ሌላ አገር ይገኛል፤ እንሰቱ፣ ጎጆው፣ ገብሱ ሁሉ በገደሉ ላይ ተለጥፎ፣ መሐሉ ላይ ያ ውሃ። ሰማያዊ ነው እንዳልል ጥቁርም ነው። ደሴቷ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በዛፎች መካከል ትንሽ ብልጭ ይላል። ሁላችንም ገደሉ አፍ ላይ ቆመን ቀረን። ኃላፊው ብቻ፣ "ጓዶች፣ ጊዜ የለንም!" አለ።

ውሃው ዳር ካለችው መንደር፣ ከሐሮ ወንጪ ስንደርስ ሕዝቡ ዳር ላይ ተሰብስቧል። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኃላፊው ውሃውን ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የመጀመሪያው ትዕይንት በእውነተኛ ታንኳ ይሁን አለ። ሠራተኛይቱ ከዳር ሆና ትጣራለች፣ ቄሶቹ ከዚያ፣ ውሃው ከሚታጠፍበት ጥግ ወጥተው እየቀዘፉ ይመጣሉ።

"ቀዛፊ ይኑራቸው" አልኩ።

"ቀዛፊ ያለው የትኛው ድራማ ላይ ነው? ቄሶቹ ራሳቸው ይቅዘፉ።"

አንድ የአገሩ ባለታንኳ፣ ጠዋት ከሆነ ምንም አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል አለ። ጠዋት ነበር፤ ግን መጀመሪያ ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሌላ ንግግር ተደረገ። እንግዳው ስለ መስኖ ተናገሩ። የቀሩት ታንኳዎች እይታ እንዳይጋርዱ ከጥጉ ባሻገር እንዲወሰዱ ታዘዘ። ጸሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው ሦስቱ ልጆች በአንሶላቸውና በካርቶን ቀለበታቸው፣ ግንድ ተቦርቡሮ በተሠራች አንዲት ታንኳ ላይ የወጡት።

እዚያ አገር ወደ ደሴቷ መሻገር የፈለገ ሰው ዳር ላይ ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ "ቢዲሩ!" ብሎ ይጣራል፤ በኦሮምኛ ታንኳ ማለት ነው። ድምፁን አስረዝሞ፣ ቆም እያለ፣ ደጋግሞ። የሚጣራው ማንም ይሁን ማን፣ የሰማ ካህን ታንኳ ይዞ ይመጣል። ይህን ገበያ ከሚመጡ የወንጪ ሰዎች ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ስላደግሁ ድራማው ውስጥ አስገብቼው ነበር። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ "ቢዲሩ!" ስል ሕዝቡ ገና ከመጀመሪያው በሳቅ ፈነዳ። አጠራሬ የራሳቸው ነበር።

ቄሶቼ ከጥጉ ወጡ። ወዲያው ነፋሱ ያዛቸው።

ታንኳዋ ዞረች። እንደገና ዞረች። ወንድሜ መቅዘፊያውን ሊያቀብል ሲል ውሃ ውስጥ ጣለው። ሕዝቡ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አንሶላው በነፋስ ተነፍቶ እያየናቸው ወደ መሐል፣ ውሃው ወደሚጠቁርበት ሄዱ። ወንድሜ "እትዬ!" ሲል ሰማሁት። ድራማው ውስጥ "እትዬ" የሚል ቃል የለም።

"ቢዲሩ!" ብዬ ጮኽኩ፣ ወደ ባለታንኳዎቹ። ሳቁ። እያለቀስኩ ስጮህ የባሰ ሳቁ። ወርጄ አንዱን ባለታንኳ እጅጌውን ያዝኩት፤ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ ጉድ ነሽ!" ብሎ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጥሩ መጫወቴ ያን ቀን ጠላቴ ሆነ።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ከእንግዳው ወንበር ጀርባ ቆሟል።

"ወንድሜ ሊሰምጥ ነው! አስቁመው፤ በሜጋፎንህ ንገራቸው!"

አየኝ። ወደ ውሃውም አየ። ገብቶታል፤ መላ ዕድሜዬን የምምለው በዚህ ነው፣ ገብቶታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "እንግዳው እየወደዱት ነው። አታበላሺው" አለኝ።

በየድንኳኑ ሲያወራ ይህችን ብቻ ይዘላታል።

ተመልሼ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። የቀረኝ ድምፄ ነው። ዳር ያለው ሕዝብ ላይ ጀርባዬን አዙሬ ወደ ደሴቷ ተጣራሁ። "ቢዲሩ! ቢዲሩ!" ከበስተኋላዬ ሳቅ፣ ከፊቴ ነፋስ። ከእናቴ ፊት እንዴት እንደምቆም አሰብኩ። ማሰቡ ከመጮህ አላስቆመኝም፤ እየጮኽኩ አሰብኩት።

ከደሴቷ ሥር አንዲት ታንኳ ወጣች።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የእውነት ካህናት። ድራማ አላዩም፤ ስለ ኪነት የነገራቸውም የለም። ሰው ጠራ፣ መጡ። ሲቀርቡ ጭቅጭቃቸው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይሰማን ጀመር።

"ወደ ቀኝ አልኩህ!"

"ወደ ቀኝ እኮ ነው! አንተ ወደኋላ ዞረህ ተቀምጠህ!"

"ውሃውን ጨልፍ እንጂ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታያለህ?"

ታንኳቸው ታፈሳለች። አንድ ወፍራም ቄስ በቅል ውሃ እየጨለፈ ያወጣል፤ ግማሹ ተመልሶ የሚቀዝፈው መሪጌታ ላይ ይረጫል፤ መሪጌታው ያጉረመርማል። ሕዝቡ ስድስት ካህናት ውሃ ላይ ሲያይ ሳቁ ሰማይ ደረሰ። ኃላፊውም አጨበጨበ። እኔ ግን ፀጉሬ ቆመ። በጠረጴዛዬ ላይ ከራሴ ያወጣኋቸው የመሰሉኝ ሰዎች፣ እየተጨቃጨቁ፣ እየተረጫጩ፣ ነፋሱን ሰንጥቀው ወደ ወንድሜ ይመጣሉ።

ደረሱ ሊባል ጥቂት ቀራቸው። ማዕበሉ ሁለቱን ታንኳዎች አላገናኝ አለ፤ ሲጠጉ ይገፋቸዋል። የልጆቹ ታንኳ ወደ ጎን አዘነበለች። ያኔ ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት ቄስ ተነስተው ቆሙ። በዚያች ጠባብ ግንድ ላይ፣ በዚያ ነፋስ። እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ጥምጣማቸውን መፍታት ጀመሩ።

ሳቁ ቆመ። እንደ ክር ተቆረጠ። ቄስ በሕዝብ ፊት ራሱን አይገልጥም፤ ለቀልድ ደግሞ ጨርሶ አይገልጥም። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያንን ያውቃል። ጨርቁ ዙር በዙር እየተፈታ ረዘመ፣ ነጭ ሆኖ በነፋስ ተዘረጋ፤ የሽማግሌው መላጣ ራስ በጸሐይ አበራ። ጫፉ ላይ ከታንኳዋ ወለል ያነሱትን ድንጋይ ቋጥረው ወረወሩት። ወንድሜ ያዘው።

ያን ጊዜ ነው ባለታንኳዎቹ ወደ ጥጉ የሮጡት፣ ሴቶቹም ደረታቸውን የመቱት። ካህናቱ ግን በጥምጣሙ እየጎተቱ፣ አሁንም ስለ ቀኝና ግራ እየተጨቃጨቁ፣ ዳር አደረሷቸው። ወንድሜ አንሶላው ተጣብቆበት፣ የካርቶን ቀለበቱ ሟሙቶ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀ።

"አባቴ ይፍቱኝ።"

"መጀመሪያ ልብስህን ጭመቅ" አሉት። ከዚያ ሦስቱን ልጆች ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና ወደ እኔ ዞሩ። "እነዚህ የማን ቄሶች ናቸው?"

"የካቶሊክ ናቸው፣ አባቴ።"

"ውሸት ነው። የካቶሊክ ቢሆኑ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ዋና ይችሉ ነበር።"

እልልታው ተነሳ። ኃላፊው ሜጋፎኑን አንስቶ፣ "የኪነት ቡድናችን ያዘጋጀውን አስደናቂ ትርዒት..." ማለት ጀመረ። ለዚያ ትርዒት አዲስ አበባ ድረስ ተጠርቶ ተሸለመ። እኔን በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ "ከጽሑፉ ውጪ ጮኻለች" ብሎ ከቡድኑ አስወጣኝ። ከራሴ ጽሑፍ ውጪ።

እናቴ ወንድሜን ከመኪናው ስታወርደው ፊቱን ዳበሰችው። ክረምቱ ሲያልፍ ለጥምጣም የሚሆን ነጭ ሻሽ ገዝታ፣ "ራሳቸውን ስለ ልጄ የገለጡትን ሰው አልብሺልኝ" ብላ ላከችኝ። ብቻዬን ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ተጣራሁ፤ መሪጌታው እያጉረመረመ መጥቶ ወሰደኝ።

ሽማግሌው ሻሹን ተቀብለው ባረኩኝ። ርዝመቱ ላይ ሦስቱ ተጣሉ፤ አንዱ አጠረ አለ፣ አንዱ በዛ አለ። ተጠምጥሞ ሲያልቅ ሽማግሌው፣ "የዚያን ቀን ጨዋታ መጨረሻውን አላየንም" አሉኝ።

በዛፎቹ ሥር፣ ውሃው ከታች እያበራ፣ ለሦስት ሰው ብቻ ሁሉንም ሆኜ ተጫወትኩላቸው፤ እንቅልፋሙን፣ ሆዳሙን፣ ፈሪውን። መጨረሻው ላይ ጳጳሱ ከማዶ በንዴት ክንዱን ሲያወናጭፍ፣ ቄሶቹ እየባረከን ነው ብለው ይንበረከካሉ። ወፍራሙ ቄስ ሳቅ አፍኖት ዛፍ ተደገፈ። "ሆዳሙ እኔ ነኝ?" አለኝ። "የጻፍኩት ሳላውቃችሁ ነው" አልኩት፤ እውነቴን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያየኝ ተመልካች አላገኘሁም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠርገው፣ "መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ተሳስተሻል" አሉ። "የደሴት ሰው ታንኳ ማሰር አይረሳም።"

እንሸኝሽ ብለው አብረውኝ ወረዱ። ዳር ላይ ታንኳ የለም። ርቃ፣ መሐል ውሃ ላይ፣ ቀስ ብላ ትዞራለች።

ሽማግሌው መሪጌታውን አዩ። መሪጌታው ወፍራሙን አየ። ወፍራሙ ሰማዩን አየ።

"ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው፣ "ድምፅሽ ጥሩ ነው።"

ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ በዚህኛው ወገን ቆሜ ወደ አገሬ ስጣራ የመጀመሪያዬ ነው። ተራራው ዙሪያውን ጥሪዬን እየተቀባበለ መለሰልኝ። ሦስቱ ከኋላዬ፣ ያላሰረው ማን እንደሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቁ ነበር። ማዶ አንድ ሰው ከእንሰቱ መሐል ብቅ አለ፤ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ ታንኳው መውረድ ጀመረ።