የሽብሩ ባጃጅና የሮዳስ ጥርስ

ሆሳዕና ውስጥ ንጹሕ ባጃጅ ማለት የሽብሩ ባጃጅ ነው። ዝንብ እንኳ ላርፍበት ስትል ያዳልጣታል። ሽብሩ ጭቃ ካየ ተሳፋሪውን አውርዶ ይወለውላል፤ የቸኮለ ሰው በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል።

የልጁ የሮዳስ የወተት ጥርሶች ረግፈው አዲሶቹ ሲወጡ ቢጫ፣ ሸካራና ጫፋቸው የሚሸራረፍ ሆኑ። ሽብሩም ቆሻሻ ሲያይ የሚያደርገውን አደረገ፤ ከሆመቾ ምርጥ መፋቂያ አስመጥቶ በየማለዳው እንደ ባጃጅ ጎማ ይፈትጋቸው ጀመር።

«አባዬ፣ ያመኛል!»

«ሊለቅ ነው ሮዲ፣ ትንሽ ነው የቀረው!»

አልለቀቀም። ሮዳስ ቀዝቃዛ ውሃ ስትቀምስ ከወንበሯ የምትዘል፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን ልጅ ሆነች። በቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ኳየር ውስጥ ጣሪያ የሚያነሳው ድምፅ የእሷ ነበር። የፋሲካን መዝሙር ብቻዋን እንድትዘምር ስትመረጥ ግን «አፌን አልከፍትም» አለች።

እናቷ ትርፌ መፋቂያውን ቀማችው። «ጥርስ እንጂ ጎማ አይደለም!» ብላ አባትና ልጅን ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰደቻቸው።

ዶክተር ሊድያ የሮዳስን አፍ አየችና «ማነው የሚፍቃት?» አለች።

«እኔ!» አለ ሽብሩ በኩራት።

«አባቷ፣ በቃ ይተዉ። ይሄ ቆሻሻ አይደለም። የጥርሷ ጠንካራ ልባስ ሲፈጠር ጀምሮ ሳስቶ ነው የወጣው። ከስንት ልጅ አንዱን ነው የሚያጋጥመው፤ ከረሜላም እናንተም አላመጣችሁትም። ያለችውን ጥቂት ልባስ ግን እርስዎ እየጨረሷት ነው።»

ትራፊክ ፖሊስ ፊት የማይደነግጠው ሽብሩ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

ከጥቂት ቀጠሮዎች በኋላ መንጋጋዎቿ የብረት ቆብ ለበሱ፤ የፊቶቹም ጥርስ በሚመስል ነገር ተሸፈኑ። እያደገች ስትሄድ ሽፋኑ ይታደሳል፤ እስከዚያው ለስላሳ ብሩሽና ክትትል ነው። ሮዳስ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች። አልዘለለችም። ደግማ ጠጣች! የፋሲካውንም መዝሙር «እሞክራለሁ» አለች።

ሽብሩ ታዲያ ለተሳፋሪ ሁሉ፣ «ሮዲ፣ ብረቶቹን አሳዪአቸው!» ማለት አመጣ።

«አባዬ፣ አፌ ታርጋ ነው እንዴ?»

የፋሲካ ጠዋት ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አደረገው፤ ባጃጁም ገና ከግቢ ሳይርቅ እስከ ጣሪያው ተለወሰ። ሽብሩ ልማዱ ነውና ቆሞ ጨርቁን አወጣ።

«አባዬ፣ መዝሙሩ ሊጀመር ነው!»

ጨርቁን አየ፤ ልጁን አየ። ጨርቁን ወንበር ሥር ወርውሮ ነዳ። በከተማው ያንን ባጃጅ ማን ይወቀው!

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ሮዳስ ወደ መድረኩ ወጣች። እጇ ወደ አፏ ከፍ ማለት ጀመረ፤ መሃል ላይ ቆመ፤ ወረደ። አፏን ከፈተች፣ እስከ ብረቶቹ ድረስ! ድምፅዋ እስከ ሺንሺቾ ከተማ ድረስ ተሰምቷል። የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ፤ ሽብሩ በጭቃው ባጃጅ ያደርሰዋል።