ሁሉም ቀበሌ ከአንድ ይጀምራል

የወረዳውን ስም አልጠራም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ስንመላለስ የኖርን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ይበቃል።

በዚያ ወረዳ የመሬት ይዞታ መዝገብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ገጠር ለገጠር እየዞርን ስንመዘግብ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ መዝገብ ነበረው፤ ቁጥሩም ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ቁጥር በየቀበሌው የተለያየ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እዚያ መገኘት ብቻ ይበቃል።

ኋላ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ተገለበጠ፤ ለየቀበሌው አንድ የጽሑፍ ፋይል። ፋይሎቹን ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ባለሙያ መጣ። ማሽኑ ፕራይመሪ ኪይ የቱ ይሁን አለው፤ አንዱን ባለይዞታ ከሌላው የሚለየው፣ የማይደገመው ነገር የቱ ነው ማለቱ ነው። እሱ የመዝገብ ቁጥሩን መረጠ።

«ቁጥሩ ብቻውን አይለይም፤ ከቀበሌው ጋር አጣምረው» አልሁት።

«እትዬ፣ ይሄ እንደ እስክሪብቶ አይደለም፤ ለእኛ ይተዉልን።»

ቢሮው ሳቀ። የሳቁትን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀበሌ ገባ። ከሁለተኛው ጀምሮ ማሽኑ ይህ ቁጥር ተይዟል እያለ ሰዉን ሳያስገባ መለሰ። እሱ ግን «ድግግሞሹን እያጸዳልን ነው» ብሎ እሺ የሚለውን እየተጫነ አለፈ።

ወር ሳይሞላ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። የባሏ ወንድም ማሳዋን አርሶባታል፤ እስከ ሰኞ ከመዝገብ የተረጋገጠ ማስረጃ ለፍርድ ቤት ካላቀረበች መሬቱ መሄዱ ነው። ቁጥሯ ሲጻፍ የሌላ ቀበሌ ሰው ወጣ።

«ምናልባት አልተመዘገቡ ይሆናል» አላት ባለሙያው።

«እኒህ ናቸው የመዘገቡኝ» አለች ወደ እኔ እያየች። «ሲለኩ ገመዱን የያዝሁላቸው እኔ አይደለሁ?»

መጋዘን ገብቼ የቀበሌዋን መዝገብ አወጣሁ። በእጄ ገልብጬ ልስጣት ብል፣ ኃላፊው ከማሽን ያልወጣ ወረቀት ማኅተም አያርፍበትም አለ። መዝገቡን ወስጄ ባለሙያው ፊት ዘረጋሁት።

«ያስገባኸውን አጥፋና እንደገና አስገባ። ቀበሌና ቁጥር፣ ሁለቱን አንድ ላይ።»

ገጹን ከማሽኑ ጋር አስተያየና አደረገው። የተመለሰው ሰው ሁሉ ገባ፤ የሴትዮዋም ስም ከነአዋሳኞቿ ወጣ። ማስረጃው ታትሞ ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ማኅተም ተመታበት።

ወረቀቱን የሰጣት እሱ ነው። «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ፣ ለመሬቴ አበቃኸኝ» እያለች መረቀችው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እሱ አሜን፣ አሜን እያለ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ተቀበለ።