የአባቴ ፍሬን

አልሐምዱሊላህ! ዛሬ እዚህ ደሴ የአባቴ እግር ታዘዘለት!

አባቴ ሃያ ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነድቷል። አምና መኪናው ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲያስር ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ እግሩ አልንቀሳቀስ አለው።

ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ እግሩ ላይ ሽቦ ለጥፎ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት እግሩ ይፈናጠራል። (ቤታችን የጠፋው መብራት ለካ እዚያ ነው!) "እርስዎም አብረው እግርዎን ወደ ታች ይጫኑ" ይለዋል። ለወራት አቃተው።

ዛሬ የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። "ሰይድ፣ ቁልቁለት ነው! ፍሬን ያዝ!" ብላ አባቴ ላይ ጮኸች።

አባቴ ፍሬን እንደሚይዝ በእግሩ ተጫነ! ሐኪሙ ማሽኑን አጠፋው። አባቴ ያለ ማሽኑም ደገመው!

እናቴ ጋቢና በተቀመጠች ቁጥር ይህንኑ ስትጮህበት፣ አንድ ቀንም ሰምቷት አያውቅም። ዛሬ እንባውን እየጠረገ "ሰማሁሽ" አላት።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተስ ቤት ጭቅጭቅ ያዳነው ሰው አለ?