ሳይወጋ የቀረው ሁለተኛው መርፌ

በኮሮናው ጊዜ ጆሃንስበርግ ዳር ባለው የዛንድስፕሩት ሰፈር ውስጥ፣ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ሆነን ዳቦና የሞባይል ኤርታይም የምንሸጥ ባልና ሚስት ነበርን። ባለቤቴን በሰባተኛ ወሯ ምጥ ጀመራትና ሆስፒታል አደረስኳት። እኔን ዘበኛው ከበር መለሰኝ፤ ጠያቂ ክልክል ነው። እሷ ከደንበኛ የለቃቀመችው የዙሉ ቋንቋ እንጂ እንግሊዝኛ የላትም። ስለዚህ ዶክተሯ በባለቤቴ ስልክ ደውላ አስተርጓሚ አደረገችኝ። ከእኔ የባሰ አስተርጓሚ በመላው ጆሃንስበርግ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም።

ዶክተሯ ያለችው አጭር ነው፦ ልጁ ያለጊዜው ሊወለድ ይችላል፤ ሳንባውም አንጀቱም ገና ነው፤ የሚያጠነክር መርፌ ዛሬ አንድ፣ ነገ በዚሁ ሰዓት ሌላ ትወጋለች፤ እስከዚያ እንዳትወጣ።

እኔ ያልኩት ደግሞ ይኼ ነው፦

«አንቺ፣ ይኼ መርፌ ለበሬ የሚበቃ ነው! የዛሬው ብቻውን አንጀቱን የብረት ቱቦ ያደርገዋል። በተወለደ በሳምንቱ ክትፎ ያዝሻል።»

«የነገውስ?»

«የነገው እንደኛ ሱቅ ከረሜላ ነው፤ ምርቃት።»

ሳቀች። ፈርታ ነበርና ላስቃት ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ምጡ ተወት አደረጋት፤ አጠገቧ የተኛችው ሴት ደግሞ ስትስል ነው ያደረችው። ፈርማ ወጥታ በታክሲ ሱቁ በር ላይ ከች አለች።

«ኮሮና ይዤ ከምመጣ ምርቃቱ ይቅርብኝ!»

ያኔ እንኳ እውነቱን ተናግሬ ልመልሳት እችል ነበር። ፊቷ ፈክቶ ሳየው አፈርኩ። ትንሽ ትረፍና እነግራታለሁ አልኩ። ሳልነግራት ምጡ ተመለሰ፤ ሆስፒታል በደረስን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች።

መዳፌን የሚያክል ልጅ ነው አሉኝ፤ እኔ አላየሁትም። በሳምንቱ ሆዱ ተነፋ። ዶክተሯ እንደገና በባለቤቴ ስልክ ደወለች፦ አንጀቱ ሞቷል፣ ለቀዶ ጥገናም አቅም የለውም።

«ሁለተኛውን መርፌ ተወግታ ቢሆንስ?» አልኳት።

«ሊረዳው ይችል ነበር። እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም።»

ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለቻት። «ምን አለች? ያለችውን ብቻ ንገረኝ፤ አታሳምርልኝ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንጀቱን ነገርኳት። መርፌው ሁለት መሆን እንደነበረበት፣ እኔም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሰምቼ እንደነበር ነገርኳት።

ባለቤቴ ለዶክተሯ ስልኩን መልሳ ሰጠቻት።

«ምን አልካት?» አለችኝ ዶክተሯ።