ግሪሳ የሚያድርበትን ፍለጋ

ጅጅጋ በሰብል ጥበቃ ሥራ በተቀጠርኩበት ዕለት የቡድን መሪያችን አቶ ፈለቀ የርቀት መነጽር አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና፣ "አስቴር፣ ከዛሬ ጀምሮ የግሪሳ ጠላት ነሽ" አሉኝ። ግሪሳ ድንቢጥ የሚያክል፣ በመንጋ መጥቶ የማሽላ ማሳ ባዶ የሚያስቀር ወፍ ነው። ሥራችን የሌሊት ማደሪያውን ፈልገን የመርጫ አውሮፕላን ማስጠራት ነበር።

እኔ ደግሞ ወፍ ወዳድ ሆኜ አረፍኩት። መስክ በወጣን ቁጥር መነጽሩን ከግሪሳው ላይ አንሥቼ ንስርና ጅግራ ሳይ ሾፌራችን፣ "የተላክሽው ለየትኛው ነው?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ ትንፍሽ አላልኩም። ዓይኔን ያሠለጠነልኝ ግን ያ ፍቅር ነው።

አንድ ዓመት ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን ከኤረር ጥሪ መጣ። ካራማራን አልፈን ስንደርስ፣ ቀድሞን የሄደ ቡድን ማደሪያው የወንዙ ገደል ውስጥ ነው ብሎ ነበር። ቀትር ላይ አየነው፤ እውነትም ከታች ያለው ሸምበቆ ግሪሳ ብቻ ሆኗል። አቶ ፈለቀ፣ "ነገ ማታ አውሮፕላኑ ይመጣል" አሉ።

ይህን ሲሰሙ ኤዶ ሆዳን ዱላቸውን ተክለው ፊታችን ቆሙ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት። ግመሎቻቸው የሚጠጡት ከዚያው ገደል ኩሬ ነው።

"እናንተ መድኃኒት ትሉታላችሁ፤ ግመሌ ከጠጣው ግን መርዝ ነው። መጀመሪያ ሌላ ውኃ አሳዩኝ" አሉ።

የማሽላው ማሳ ባለቤት የአዴር ዩሱፍ ፊት ጠቆረ፤ አዴር ደግሞ አጎት ማለት ነው። "ዛሬ ነገ ስትባባሉ ልጆቼ አገዳ ሊበሉ ነው?"

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ብንረጭ ኩሬው ይበከላል፤ ብንተው ማሽላው ያልቃል። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሸምበቆው ወረድኩ። ሥሩ ኩስ አጣሁበት። ግሪሳ ያደረበት መሬት በኩስ ነጭ ይሆናል፤ ሽታውም አያስጠጋም። ተመልሼ፣ "አቶ ፈለቀ፣ እዚህ ውኃ ይጠጣሉ እንጂ የሚያድሩ አይመስለኝም" አልኳቸው።

እሳቸውንም ይህ ከነከናቸው። "አንድ ምሽት አለሽ። ማደሪያውን ካላገኘን ነገ የሚረጨው እዚሁ ነው" አሉኝ።

አመሻሹ ላይ ኤዶ ሆዳንንና አዴር ዩሱፍን አብረን እንይ ብዬ ለመንኳቸው። አፋፉ ላይ ተራርቀው፣ ጀርባ ሊሰጣጡ ምንም ሳይቀራቸው ተቀመጡ። ርግቦች መጡ። አንድ ንስር ወደ ገደሉ ግድግዳ ተመለሰ። ለአፍታ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግሪሳው ተነሣ። ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ሸምበቆው ላይ ሊያርፍ መሰለ። ከዚያ እንደገና ተነሣና በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ሜዳው ፈሰሰ።

አዴር ዩሱፍ ብድግ ብለው፣ "በማሳዬ ጀርባ ሄደ" አሉ።

ኤዶ ሆዳን በእጃቸው ዓይናቸውን ጋርደው አዩ። "ወደ እሾሁ ጫካ ነው። እዚያ ውኃ የለም፤ ግመልም አይደርስበትም" አሉ።

በመኪና ተከተልነው። ጫካው ጋ ሳንደርስ ጫጫታው ተሰማን፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። መሬቱ በኩስ ነጥቷል። አቶ ፈለቀ ካርታቸው ላይ የገደሉን ምልክት ሰርዘው፣ "ጥሩ አየሽ" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

በማግስቱ ማታ የተረጨው ጫካው ነው። የሞተ ወፍ ማንም እንዳይለቅም፣ ከብትም እንዳይጠጋ ጠባቂ አቆምን። ለግሪሳው አዘንኩ። ማሽላው ስለተረፈና ግመሎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ኩሬው ስለወረዱ ደግሞ በጣም ደስ አለኝ።

በዓመቱ ግሪሳ ታየ ተብሎ ወደ ኤረር ተመለስኩ። አመሻሹ ላይ ገደሉ ጋ ስደርስ ኤዶ ሆዳንና አዴር ዩሱፍ አፋፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ታች ያያሉ። መነጽሬን ላወጣ ስል ኤዶ ሆዳን አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉልኝ።

"ተቀመጪ ልጄ፤ ወፎቹ ገና እየጠጡ ነው" አሉኝ።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው። ግሪሳ የት እንደሚያድር በዓይናችሁ ሳታዩ አውሮፕላን አታስጠሩ። ስታዩም ብቻችሁን አትዩ።