በመጠይቁ ኅዳግ የጻፍኩት

ረሃቡ ወሎን ባጠቃበት ክረምት የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ለጥናታቸው መጠይቅ አስይዘው ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ላኩኝ። በየቤቱ እየዞርኩ «ዛሬ በልታችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። በእኛ አገር ግን ለእንግዳ ተርቤያለሁ ማለት ነውር ነው። ከላላ በሚባለው አካባቢ ያገኘኋቸው እናት ምድጃቸው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል፤ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ በልተናል ልጄ» አሉኝ። ምንም ስላላቀረቡልኝም ይቅርታ ጠየቁኝ። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ያየሁትን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። በየቤቱ እንዲሁ አደረግሁ። መምህሬ ወረቀቶቹን ሲቀበሉኝ «ዋናው ኅዳጉ ላይ ያለው ነው፤ አንዲት ቃል አልጥልም» አሉኝ። እኔ ሞኙ አመንኳቸው።

ትምህርት ሲከፈት በስቴንስል የተባዛ የማስተማሪያ ጽሑፍ አደሉን። ስለ አገሬ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «በአካባቢው የጎላ የምግብ እጥረት አልታየም።» ቢሯቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ሰዎቹ ራሳቸው በልተናል ብለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

ፈተና ላይ በአገሬ የምግብ እጥረት ታይቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። የእኒያ እናት ይቅርታ ጆሮዬ ላይ እያለ፣ ልክ እንደ ጽሑፉ መለስኩ። ኅዳጉ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።